ቀይ ሽንኩርት በመጋቢት የሚረክሰው፣ በጳጉሜን የሚወደደው ለምንድን ነው?

በጣና ዙሪያ ባሉ የመስኖ አካባቢዎች በመጋቢትና በሚያዝያ ቀይ ሽንኩርት ማሳ ዳር ተከምሮ ገዥ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነው። የነቃይና የጫኝ ጉልበት ዋጋ ከሽያጩ ስለሚበልጥበት ሰብሉን ሳይነቅል ለከብት የሚለቅ አርሶ አደርም አይጠፋም። አምስት ወር ቆይቶ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ በዚያው አካባቢ የሚኖረው የከተማ ነዋሪ ግማሽ ኪሎ ለመግዛት ኪሱን ደጋግሞ ይዳስሳል። ጉልት ላይ በመደብ የተደረደሩት አራትና አምስት ራሶች በመጋቢት የአንድ ዘንቢል ዋጋ የነበረውን ያስከፍላሉ።

የዚህን ልዩነት ምክንያት ስንጠይቅ መልሱ ዘወትር “ደላላው ነው” የሚል ነው። ደላላው ድርሻ የለውም ማለት አይቻልም፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። ይሁን እንጂ የሽንኩርት ዋጋ አብዛኛው ክፍል የሚወሰነው ሽያጩ በሚፈጸምበት ዕለት አይደለም። ዘሩ በችግኝ መደብ ላይ በተዘራበት ዕለት፣ ማለትም ከአምስት ወር በላይ አስቀድሞ ተወስኖ ያለቀ ነው። ይህን ለመረዳት ሽንኩርቱ ከየት እንደሚመጣና ስንት ቀን እንደሚፈልግ ማወቅ ይበቃል።

ሽንኩርቱ ከየት ይመጣል?

በአማራ ክልል ለገበያ የሚቀርበው ቀይ ሽንኩርት በዋናነት ከጥቂት የታወቁ አካባቢዎች የሚወጣ ነው። የመጀመሪያው የፎገራ ሜዳና አጎራባቾቹ ሊቦ ከምከምና ደራ ናቸው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ አርሶ አደሩም በውኃ መሳቢያ ሞተር ከወንዙና ከጉድጓድ እየሳበ ያለማል። ሁለተኛው በሰሜን ሜጫ፣ መራዊ አካባቢ የሚገኘውና 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማልማት የተገነባው የቆጋ መስኖ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የቆቦ ሸለቆና የቀወት ወረዳ ሸዋ ሮቢት አሉ። ከክልሉ ውጭ ሞጆ፣ መቂና ባቱ ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆናቸው የመሐል አገሩን ዋጋ በመወሰን ረገድ ከሁሉም የላቀ ጉልበት አላቸው።

እነዚህ አካባቢዎች በአየር ጠባይ አንድ አይደሉም፤ ልብ ሊባል የሚገባውም ይኸው ነው። ፎገራ ክረምቱን በውኃ ተጥለቅልቆ የሚያሳልፍና ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ ነው። ቆቦና ሸዋ ሮቢት ቆላማ ናቸው፤ ዝናባቸውም ከጣና ተፋሰስ ያነሰ ነው። አንዱ ማምረት በማይችልበት ወር ሌላው ሊያመርት ይችላል ማለት ነው።

የቀን ስሌት

ቀይ ሽንኩርት በአገራችን የአመራረት ልማድ መጀመሪያ በችግኝ መደብ ላይ ይዘራል። ከሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ከተዛወረ በኋላም እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ይቆያል። ለስሌት እንዲመች በመደብ ላይ 50 ቀን፣ በማሳ ላይ 110 ቀን ብለን እንያዘው።

በፎገራ ጎርፉ ከሜዳው የሚሸሸው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ሩዙ ታጭዶ ማሳው የሚለቀቀው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ እጅግ የሚበዛው አርሶ አደር ዘሩን ጥቅምት 20 ግድም ይዘራል፤ ታኅሣሥ 10 ግድም ይተክላል። ከዚያ ላይ 110 ቀን ሲቆጠር መጋቢት 30 ይደርሳል። አንድ ሺህ አርሶ አደር ተማክሮ ሳይሆን ያው ጎርፍ፣ ያው ሩዝና ያው ልማድ አስገድዶት በአንድ ሳምንት ውስጥ ተክሎ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነቅላል። የቆጋ የመስኖ ውኃም ዝናቡ ካቆመ በኋላ በፕሮግራም ስለሚለቀቅ ምርቱ የሚደርሰው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ጊዜ ነው። ገበያው በመጋቢት አጋማሽና በሚያዝያ መካከል የሚጥለቀለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ መዋሉ ለአምራቹ አንድ ትልቅ እፎይታ ነው። አንድ ዶሮ ወጥ ሁለት ኪሎና ከዚያም በላይ ሽንኩርት ይበላል፤ በፋሲካ ዋዜማ ባለው ሳምንት የከተማው ፍላጎት በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። ነገር ግን ምርቱም በዚያው ወር የበዛ ስለሆነ የፋሲካ ሽንኩርት እንደ እንቁጣጣሽ ሽንኩርት አይወደድም። ይህንን ልዩነት ብዙ ሸማች አስተውሎታል፤ ምክንያቱ ግን በዓሉ ሳይሆን የመትከያው ቀን ነው።

የጳጉሜን ጥያቄ

እንግዲህ ያንኑ ስሌት ወደ ኋላ እንቁጠረው። መስከረም 5 ግድም የሚነቀል ሽንኩርት እንዲኖር ችግኙ ግንቦት 20 መተከል፣ ዘሩም ሚያዝያ መግቢያ ላይ በመደብ መዘራት አለበት። ይህ ማለት ሽንኩርቱ ራስ የሚቋጥረውና የሚበስለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ከዓመቱ ሁሉ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ነው። ሽንኩርት ደግሞ ሲደርስ ውኃ የማይወድ ሰብል ነው። ቅጠሉን ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነጠብጣብና ሻጋታ ያጠቃዋል፤ ሥሩ በረግረግ አፈር ይበሰብሳል፤ የተነቀለውንም ለማድረቅ ፀሐይ የለም። በፎገራ ሜዳ ላይ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ ማሳው ውኃ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በነሐሴ፣ በጳጉሜንና በመስከረም ገበያ ላይ የሚገኘው ሽንኩርት ከሦስት ቦታ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ ቀለል ከሚልባቸው ቆላማ አካባቢዎች፣ ውኃ ከማይተኛባቸው ተዳፋት ማሳዎችና ከበጋው ተርፎ ከተከማቸ። ሦስቱም ጥቂት ናቸው። ፍላጎቱ ግን አይቀንስም። እንቁጣጣሽና መስቀል በ17 ቀን ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። አቅርቦቱ በሚያንስበት ወር ሁለት በዓል መደራረቡ ዋጋውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። በተለመደው የክረምት እርሻ ችግኙን በሐምሌ የሚተክለው አርሶ አደር ምርቱን የሚያገኘው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው፤ ሁለቱ በዓላት ካለፉ በኋላ ማለት ነው። የዋጋው ጫና መርገብ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ሌላ ነገርም ተጨምሯል። የበጋ መስኖ ስንዴ በስፋት መልማት በመጀመሩ በአንዳንድ ቦታ አስቀድሞ ለአትክልት ይውል የነበረው መሬትና ውኃ ለስንዴ ውሏል። ስንዴው ለአገር አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን አንድ የመስኖ ቦይ ያለው ውኃ የተወሰነ ነውና በሽንኩርት አቅርቦት ላይ የሚያመጣው ለውጥ በየወረዳው ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ቀደም ብሎ መትከል፣ አዘግይቶ መትከል

የበጋው ወራት የሚፈቅዱት የመትከያ ጊዜ አንድ ሳምንት አይደለም። ዘሩን መስከረም 10 የሚዘራ ሰው ጥቅምት 30 ይተክላል፤ ምርቱን የካቲት 20 ግድም ያገኛል። ይህ ከብዙኃኑ 40 ቀን ይቀድማል። በየካቲት ገበያ ላይ የክረምቱ ሽንኩርት አልቆ የበጋው ገና አልገባምና ዋጋው ከመጋቢት መጨረሻ የተሻለ ሆኖ ይቆያል።

ታዲያ ሁሉም ለምን ቀደም ብሎ አይተክልም? ምክንያት አለው። በመስከረም ዝናቡ ገና አላባራም፤ ችግኙ በመደቡ ላይ ከአንገቱ በስብሶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መደቡ ከመሬት ከፍ ተደርጎ መሠራት፣ ከላይም በሳር ዳስ ከኃይለኛ ዝናብ መከለል ይኖርበታል። ሁለተኛው ሥጋት ብርድ ነው። ሽንኩርት በታኅሣሥና በጥር ቀዝቃዛ ሌሊቶች ጎልምሶ ከተገኘ ራስ መቋጠሩን ትቶ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘንግ ያወጣ ሽንኩርት መሐሉ ጠንካራ ስለሚሆን ገበያ ላይ አይፈለግም፤ ቢቀመጥም ፈጥኖ ይበላሻል። ሦስተኛው፣ በሩዝ ማሳ ላይ የሚያለማ ሰው ሩዙ ሳይታጨድ መትከል አይችልም። እንግዲህ ቀድሞ መትከል የሚቻለው ሩዝ ያልተዘራበት፣ ውኃ የማይተኛበት ቁራሽ መሬት ላለው ነው። ያም ቢሆን መሬቱን በሙሉ በአንድ ቀን ከመሸፈን ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ፣ በሦስት ሳምንት ልዩነት እየዘሩ መትከል ከአንድ ሳምንት ገበያ ጋር ከመታሰር ያድናል።

አዘግይቶ መትከልም ይቻላል፤ በታኅሣሥ መግቢያ የተዘራ በግንቦት 10 ግድም ይደርሳል። በግንቦት ዋጋው ከሚያዝያ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ክረምቱ ቀድሞ የገባ እንደሆነ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይረጥባል። የወንዞቹም ውኃ በሚያዝያ የሚመነምን በመሆኑ የሞተር ነዳጅ ወጪው ይጨምራል፤ ትሪፕስ የተባለው ቅጠል መጣጭ ተባይም በሙቀትና በደረቅ አየር ይበረታል። በእኛ ግምት ከሁለቱ ይልቅ ቀድሞ መትከሉ፣ መሬቱ ለፈቀደለት አርሶ አደር፣ የተሻለ ምርጫ ነው።

ስለ ዘር አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያስተዋወቃቸው ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ ለብዙ ዓመታት የአርሶ አደሩ ዋነኛ ዝርያዎች ሆነው ኖረዋል፤ አሁን ከውጭ የሚገቡ ድቅል ዝርያዎችም ተጨምረዋል። የሽንኩርት ዘር ከሌሎች የአትክልት ዘሮች ሁሉ ፈጥኖ የመብቀል ኃይሉን የሚያጣ ነው፤ በሞቃት ሱቅ ውስጥ አንድ ዓመት ያለፈው ዘር ግማሹ ላይበቅል ይችላል። ገንዘብ ከፍሎ ወደ መደብ ከመሮጥ በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥና ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ የበቀለውን መቁጠር ማንም ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ ነው። የዘር ደረሰኝና የማሸጊያውን ወረቀት መያዝም በኋላ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል።

ጥራት በብር ሲመነዘር

አርሶ አደሩ ዋጋ ሲጨምር ሰምቶ ሽንኩርቱን ሳይደርስ የሚነቅልበት ጊዜ አለ። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ፣ አንገቱ ወፍራምና እርጥብ ሆኖ ይነቀላል፤ በዚያው ዕለት ተቆርጦ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል፤ ማታ ይጫናል። ነጋዴውም ይህን ያውቃል። የሚያቀርበው ዋጋ መንገድ ላይ የሚበሰብሰውን አስቀድሞ የቀነሰ ነው።

ለማሳያ ያህል በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ ገበያ አይደሉም። አንድ ነጋዴ አንድ ኩንታል ሽንኩርት በ2 ሺህ ብር ገዛ እንበል። ለመልቀሚያ፣ ለከረጢትና ለጫኝ 100 ብር፣ ለመጓጓዣ 300 ብር፣ ለደላላ 50 ብር ቢያወጣ ጠቅላላ ወጪው 2 ሺህ 450 ብር ይሆናል። ሽንኩርቱ በደንብ የደረቀ ሆኖ ከመቶው ኪሎ 8 ኪሎ ብቻ በመንገድና በመጋዘን ቢጎድል 92 ኪሎ ይቀረዋል፤ እያንዳንዱ ኪሎ 26 ብር ከ63 ሳንቲም ቆመበት ማለት ነው። ሽንኩርቱ እርጥብ ሆኖ 18 ኪሎ ቢጎድል ግን የቀረው 82 ኪሎ በኪሎ ወደ 29 ብር ከ88 ሳንቲም ይቆምበታል። በጅምላ ገበያው ላይ ሁለቱንም በአንድ ዋጋ ስለሚሸጥ፣ ኪሳራውን ላለመሸከም እርጥቡን ከማሳ ሲገዛ በኩንታል 266 ብር ገደማ ቀንሶ ይጠራል። መቶ ኩንታል ላለው አርሶ አደር ይህ 26 ሺህ 600 ብር ነው።

“ሳደርቀው ግን ክብደቱ ይቀንስብኛል” የሚል መልስ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ውኃው ይወጣል። በዚሁ ማሳያ ላይ በማድረቅ 6 ኪሎ ቢጎድል 94 ኪሎውን በሙሉ ዋጋ ሸጦ 1 ሺህ 880 ብር ያገኛል። እርጥቡን በቅናሽ ቢሸጥ የሚያገኘው 1 ሺህ 734 ብር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከክብደቱ ጉድለት በኋላም ለአድራቂው ነው። የደረቀው ሽንኩርት ሌላም ጥቅም አለው፤ የዛሬው ዋጋ ካልተስማማው ለሳምንት ሊቆይ ይችላል። እርጥብ ሽንኩርት የያዘ ሰው ግን ዛሬውኑ ካልሸጠ ነገ ይበሰብስበታልና መደራደር አይችልም።

አደራረቁ አስቸጋሪ አይደለም። ከማሳው ከግማሽ በላይ የሆነው ሽንኩርት ቅጠሉ ከአንገቱ ታጥፎ ሲተኛ ደርሷል ማለት ነው። ከመነቀሉ አሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ውኃ ይቆማል። የተነቀለው በመስመር ይደረደራል፤ የአንዱ መስመር ቅጠል የሌላውን ራስ እንዲሸፍን ይደረጋል፤ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው ራስ ይቃጠላልና። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ሲቆይ አንገቱ ይጠወልግና ይዘጋል፤ የላይኛው ልጣጭ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አንገት ይተውለታል እንጂ ከራሱ ጋር አይላጭም። ቁስሉ የሻጋታ በር የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ራስ ከቋጠረ በኋላ ዩሪያ የሚጨምር አርሶ አደርም አለ፤ ሽንኩርቱ ይገዝፋል፤ ነገር ግን አንገቱ ወፍሮ አልዘጋ ይላል፤ ለማቆየትም አይሆንም።

ሲለቀም ወፍራም አንገት ያለው፣ መንታ የሆነው፣ በመቆፈሪያ የተቆረጠውና ዘንግ ያወጣው ለብቻ ወጥቶ ቀድሞ ለቅርብ ገበያ ይሸጥ። ከጥሩው ጋር ተቀላቅሎ ሲሄድ ጥሩውንም በመጥፎው ዋጋ ያስገምተዋል። ከረጢቱም ነገር አለው። አየር የሚያስገባ የመረብ ከረጢት ከማዳበሪያ ከረጢት ይሻላል። በአይሱዙ ላይ እስከ ጫፍ ተጭኖ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ በላዩም ሰው ተቀምጦበት ሌሊቱን ሙሉ የተጓዘ ሽንኩርት ከታች ያለው ሞቆና ተጨፍልቆ ይደርሳል።

ማቆየት እስከ የት ያዋጣል?

ዋጋው ሲወድቅ የመጀመሪያው ሐሳብ “እናቆየው” የሚል ነው። በቤት ውስጥ መሬት ላይ የተከመረ ሽንኩርት ግን አይቆይም። ለማቆያ የሚሆነው ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከሳር ሊሠራ የሚችል ዳስ ነው፤ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ የቆጥ ርብራብ፣ ግድግዳው ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ጣሪያው ፀሐይና ዝናብ የማያስገባ መሆን አለበት። ቁልሉ ወፍራም አይሁን፤ በየሳምንቱ እየታየ የበሰበሰው ይለቀም።

በዚህ መልክ የተያዘ የደረቀ ሽንኩርት ሁለት ወር ገደማ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ፣ በተለይም በሰኔ እርጥበቱ ሲገባ፣ ማቆጥቆጡና መበስበሱ ይፋጠናል። አንድ ቀላል ስሌት እዚህ ላይ ይረዳል። ከመቶ ኩንታል 25ቱ ቢጠፋ በነበረው ገቢ ላይ ለመድረስ ብቻ ዋጋው በሲሶ መጨመር አለበት፤ 2 ሺህ ብር የነበረው 2 ሺህ 667 ብር መሆን አለበት ማለት ነው። የዳሱና የለቃሚው ወጪ፣ ብድርም ካለ ወለዱ በዚያ ላይ ይታከላል። ስለዚህ ማቆየት ከመጋቢት መጨረሻ ወደ ግንቦት ወይም ወደ ሰኔ መግቢያ ሊያሻግር ይችል ይሆናል። የበጋውን ሽንኩርት በተራ ዳስ እስከ ጳጉሜን አቆያለሁ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። የጳጉሜን ሽንኩርት ከቆላማው አካባቢና ውኃ ከማይተኛበት ተዳፋት፣ በክረምት ዝግጅት መመረት ያለበት ነው።

ከማሳ እስከ ጉልት

አሁን ወደ ደላላው እንመለስ። ከፎገራ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ሽንኩርት በዓባይ በረሃ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2012 ዓ.ም ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ከመቂና ከሞጆ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የገባ ሽንኩርት ነው። የፎገራው ዋጋ የሚቆረጠውም ከዚያ ዋጋ ላይ የመንገዱ ወጪ ተቀንሶ ነው። መንገድ በጸጥታ ችግር ወይም በሌላ ምክንያት በተቋረጠ ጊዜ ይህ ስሌት ይፈርሳል፤ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ዋጋ ሲያጣ ከተማ ላይ በዚያው ቀን ይወደዳል። ከሁለቱም ወገን የሚጎዳው ሻጩና ሸማቹ ነው።

ደላላው ገዥውንና ሻጩን ማገናኘቱ፣ መኪናና ጫኝ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው፤ ክፍያም ይገባዋል። ችግሩ ሻጩ የሌላውን ገበያ ዋጋ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ብዙ ውል የሚፈጸመው በሚዛን ሳይሆን ማሳውን በዓይን ገምቶ ነው። በዓይን ግምት በቀን ብዙ ማሳ የሚያየው ገዥ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚሸጠው አርሶ አደር መብለጡ አይቀርም። ሌላው ችግር የቃል ውል ነው። ዋጋ ተቆርጦ፣ ጥቂት ቀብድ ተከፍሎ፣ በመሐል ገበያው ሲወድቅ ገዥው ሳይመጣ ይቀራል፤ ገበያው ሲወጣ ደግሞ ሻጩ ለሌላ ይሸጣል። ሁለቱም ይደረጋል።

ውሉ በጽሑፍ ቢሆንና የሚነሣበት ቀን፣ የሚመዘንበት ቦታ፣ የከረጢቱ ክብደት በምን ያህል እንደሚቀነስ፣ የነቃይና የጫኝ ክፍያ በማን ላይ እንደሚሆን ቢሰፍርበት አብዛኛው ጭቅጭቅ ይቀራል። የጥቂት አርሶ አደሮች ምርት አንድ ላይ ተሰብስቦ አንድ መኪና መሙላት ከቻለ ደግሞ ገዥው ማሳ ለማሳ መዞሩ ይቀርለታልና የተሻለ ዋጋ ለመጠየቅ ያስችላል። ከመስማማት በፊት በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ላለ የሚታመን ሰው ስልክ መደወልም የሚያስወጣው የጥቂት ደቂቃ ሒሳብ ነው። የሚጠየቀው ግን “ሽንኩርት ስንት ነው?” ብቻ ሳይሆን “የደረቀው ስንት ነው፣ እርጥቡ ስንት ነው፣ ትናንት ስንት መኪና ገባ?” የሚል ይሁን።

ቲማቲም የተለየ ነው

በሽንኩርት ላይ የተባለው ለቲማቲም እንዳለ አይሠራም። ቲማቲም ማቆየት የሚባል ነገር የለውም። የአርሶ አደሩ ምርጫ በየትኛው መልኩ ይልቀመው የሚለው ነው። ሩቅ ለሚሄድ ገበያ ጫፉ መቅላት ሲጀምር፣ ለቅርብ ገበያ ደግሞ ቀይ ሆኖ ግን ሳይለሰልስ መለቀም አለበት። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ተለቅሞ ጥላ ሥር ቢቀመጥ፣ የእንጨት ሳጥኑም ከአፉ በላይ ባይሞላ ብልሽቱ በግልጽ ይቀንሳል። ሳጥን በሳጥን ላይ ሲጫን የሚጨፈለቀው ከአፉ በላይ የሞላው ነውና። ከ2004 ዓ.ም ግድም ጀምሮ ወደ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የተባለ የእሳት ራት ቅጠሉንም ፍሬውንም ይበሳል፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበት ፍሬ ለብቻ መለየት አለበት።

ለከተማው ሸማች

ሽንኩርት ሲገዛ ትልቅነቱ አያታልል። አንገቱን በጣት መጫን ይበቃል፤ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ቆይቶ ይበላል፤ ከለሰለሰ መሐሉ መበስበስ ጀምሯል። ከልጣጩ ሥር ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። በጣም የረከሰ ሽንኩርት ከመቶው ሃያው የሚጣል ከሆነ የአንዱ ኪሎ እውነተኛ ዋጋ ከተጠራው በሩብ ይበልጣል፤ በ40 ብር የተገዛው በ50 ብር እንደተገዛ ይቆጠራል።

ጓዳው ነፋስ የሚያገኝ ቤተሰብ በሚያዝያ የደረቀ ሽንኩርት ለሁለት ወር የሚበቃውን መርጦ መግዛቱ ያዋጣዋል። ሦስት አራት ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ ኩንታል ከእሁድ ገበያ ወይም ከሸማቾች ማኅበር በጅምላ ወስዶ መከፋፈልም ይቻላል። በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ መቀመጥ የለበትም፤ በዘንቢል ወይም በመረብ ከረጢት ተንጠልጥሎ ይቆይ። ድንች አጠገቡ አይቀመጥ፤ ድንች የሚያወጣው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበሰብሰዋል። ድንች ጨለማ ቦታ ይወዳል፤ ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነው ክፍል ይመርራል፤ መርዝነትም ስላለው ተቆርጦ ይጣላል። ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው ሽንኩርት ግን በሚያዝያ ተገዝቶ የሚቀመጥ አይደለም። በነሐሴ አጋማሽ፣ የፍልሰታ ጾም ከመፈታቱና የበዓሉ ግዢ ከመጀመሩ በፊት፣ ከቆላማ አካባቢዎች የገባውን ጥቂት በጥቂት መግዛት በዋዜማው ከሚደርሰው ግፊያና ዋጋ ያሳርፋል።